ለደጃፋችን የትኛውን መዓዛ እንምረጥ?

የበዓል ዋዜማ በጎንደር ገበያዎች ቄጤማና አሪቲ አይጠፉም። ቄጤማው ወለል ላይ ይጎዘጎዛል፤ አሪቲው ቤቱን ያውዳል፤ የጤና አዳም ቅርንጫፍ ደግሞ ከቡናው ጋር ይቀርባል። እንግዳ ገና ደጃፉን ሳያልፍ ቤቱ በዓል መያዙን በአፍንጫው ያውቃል። በዓሉ ሲያልፍ ግን ቄጤማው ደርቆ ይጠረጋል፤ መዓዛውም አብሮት ይሄዳል።

ይህን የመሰለ መዓዛ ዓመቱን ሙሉ ከደጃፋችን ለማግኘት ሰፊ ጓሮ አያስፈልግም። በድንጋይ የታጠረ ትንሽ መደብ፣ ከሳንቃ የተሠራ ሣጥን፣ ወይም በማራኪና በሌሎች የከተማችን ሰፈሮች እንደሚታየው ባዶ የቀለም ባልዲና የዘይት ጣሳ ይበቃል። የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። አብዛኞቻችን የምንተክለው ከጎረቤት የተሰጠንን ወይም አበባው ዓይናችንን የሳበውን ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ተክሉ ለምልሞ ሳለ መዓዛው እንደማይሰማን እናስተውላለን፤ አለዚያም ቀን ቀን ዝም ብሎ ማታ ማታ ቤቱን የሚያጥለቀልቅ ሆኖ እናገኘዋለን።

በዚህ ጽሑፍ ለደጃፍ መደብ የሚሆኑ ባለ መዓዛ ዕፅዋትን በሦስት ጥያቄዎች መምረጥ እንደሚቻል እንመለከታለን። መዓዛው በየትኛው የተክሉ ክፍል ተከማችቷል? መቼ ይለቀቃል? ከመዓዛው ጋር ሌላ ምን አለ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ነው፤ ይሁን እንጂ የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት የሚደርስ መዘዝ ያለው በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ነው።

መዓዛ ምንድን ነው?

መዓዛ የምንለው በቀላሉ ወደ አየር የሚተኑ ጥቃቅን ሞለኪውሎች አፍንጫችን ሲደርሱ የሚፈጥሩት ስሜት ነው። ከነዚህ ሞለኪውሎች ብዙዎቹ ተርፒን ከሚባለው ቤተሰብ የሚመደቡ ሲሆኑ፣ ተክሉ አምስት አምስት የካርቦን አቶም ካላቸው ክፍሎች እየገጣጠመ ይሠራቸዋል። ሁለት ክፍሎች ሲጋጠሙ አሥር ካርቦን ያለው ሞኖተርፒን ይገኛል። በጦስኝ ውስጥ ያለው ታይሞል፣ በኮሰረት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊናሎል፣ በጠጅ ሣር ውስጥ ያለው የሎሚ ሽታ ሰጪ ሲትራል ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው። የጤና አዳም ሽታ ግን በአመዛኙ ከዚህ ወገን ውጭ ከሆኑ ኬቶን ከሚባሉ ውሁዶች የሚመጣ ነው፤ ሽታው ከሌሎቹ የተለየና ሰንጠቅ ያለ የሆነውም ለዚህ ነው።

ተክሉ ይህን ሁሉ የሚሠራው እኛን ለማስደሰት አይደለም። በቅጠል ውስጥ የሚከማች መዓዛ በአብዛኛው መከላከያ ነው፤ ቅጠል የሚበላን ነፍሳትና የሚያበሰብስን ሻጋታ ለማራቅ ያገለግላል። ከአበባ የሚወጣ መዓዛ ደግሞ መልእክት ነው፤ የአበባ ዱቄት አመላላሽ ነፍሳትን ይጠራል። መከላከያ የሚከማችና በጉዳት ጊዜ የሚፈስ ነው፤ መልእክት ግን በሰዓቱ የሚላክ ነው። ይህ ልዩነት ለተካዩ እጅግ ጠቃሚ መሆኑን ወደፊት እናያለን።

የተቀባዩስ ነገር? አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ሪቻርድ አክሰልና ሊንዳ በክ የሽታ ተቀባይ ፕሮቲኖችን የሚያዙ ጂኖችን በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሰው ወደ 400 የሚጠጉ የተቀባይ ዓይነቶች እንዳሉት ዛሬ ይታወቃል። እነዚህ ተቀባዮች አንድን ሽታ ያለ ማቋረጥ ሲቀበሉ ምላሻቸው እየደከመ ይሄዳል፤ አእምሯችንም የማይለወጠውን ሽታ ወደ ጎን ይተወዋል። ከውጭ የመጣ ሰው "ቤታችሁ እንዴት ያውዳል!" ሲለን እኛ ምንም የማይሸተን ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሚሸት ተክል ይልቅ አልፎ አልፎ፣ በነኩት ቁጥር የሚሸት ተክል ለነዋሪው የበለጠ ደስታ ሊሰጥ ይችላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ መዓዛው የት ነው ያለው?

በሶብላ፣ ዳማከሴ፣ ጦስኝ፣ ናናና የጥብስ ቅጠል ሁሉም የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የለጋ ግንዳቸውን በሁለት ጣት ይዘን ብናሽከረክረው ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን መሆኑ ይሰማናል፤ ይህ የቤተሰቡ መለያ ነው። የቅጠላቸውን ገጽ በአጉሊ መነጽር ስናየው በጥቃቅን ጸጉሮች የተሸፈነ ሲሆን፣ ከጸጉሮቹ አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ ዘይት የቋጠረ እጢ አላቸው። ጣት ወይም የልብስ ጫፍ ሲነካቸው የእጢው ስስ ሽፋን ይቀደድና ዘይቱ ወደ አየር ይተናል።

ጤና አዳም የሎሚና የብርቱካን ቤተሰብ ነው። የዚህ ቤተሰብ ዘይት የሚገኘው በቅጠሉ ገጽ ላይ ሳይሆን በውስጡ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ነው። የጤና አዳምን ወይም የሎሚን ቅጠል በፀሐይ አንጻር አንሥቶ የተመለከተ ሰው ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦችን ያያል፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ የዘይት ከረጢት ነው። ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ጠጅ ሣርም ዘይቱን የሚያከማቸው በቅጠሉ ውስጥ በመሆኑ መዓዛው በደንብ የሚወጣው ቅጠሉ ሲታሽ ወይም ሲቆረጥ ነው።

ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያ መመሪያ ግልጽ ነው። መዓዛቸውን በቅጠላቸው የሚያከማቹ ዕፅዋት ሰው በሚነካቸው ቦታ መተከል አለባቸው፤ ከደረጃው ጎን፣ ከበሩ መቃን አጠገብ፣ ቁጭ ከሚባልበት ወንበር እጅ በሚደርስበት ርቀት። በሶብላና ናና ከወገብ በታች ባለ ሣጥን ጠርዝ ላይ ቢሆኑ የሚያልፍ ቀሚስ ወይም ጋቢ ይዳስሳቸዋል። ዳማከሴ ቁጥቋጦ በመሆኑ ካልተገረዘ ከሰው ቁመት ሊበልጥ ይችላል፤ በሣጥን ከተተከለ ጫፉን ቶሎ ቶሎ መቀንጠብ ያሻል። ኮሰረትም እንዲሁ ነው። ጠጅ ሣር የቅጠሉ ጠርዝ ስለታም ስለሆነ ከመተላለፊያው ጥቂት ፈቀቅ ቢል ይመረጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ መቼ ይለቀቃል?

የቅጠል መዓዛ በመነካት ይወጣል ብለናል፤ ሙቀትም ይረዳዋል። ፈሳሽ ሲሞቅ ትነቱ እንደሚጨምር በኬሚስትሪ ተምረናል። በበጋ ቀትር ላይ የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ሳይነኩም የሚሸቱት፣ በማለዳው ብርድ ግን ዝም የሚሉት ለዚህ ነው። ፀሐይን የሚወድዱ እነዚህ ዕፅዋት በጥላ ቦታ ቢበቅሉ እንኳ መዓዛቸው ይሳሳል። ፍግም ቢበዛባቸው ቅጠላቸው ይፋፋል እንጂ ሽታቸው አይጠነክርም።

የአበባ መዓዛ ግን የራሱ ሰዓት አለው። በደጋና ወይናደጋ ደኖቻችን የሚገኘው ሐረግ ጠምበለል፣ በሳይንሳዊ አጠራሩ ጃስሚኑም አቢሲኒኩም፣ ነጭና መዓዛው የሚማርክ አበባ አለው። በዓለም ላይ ካሉት የጠምበለል ዘመዶች ብዙዎቹ መዓዛቸው የሚያይለው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ምክንያቱም ከሚጠሯቸው ነፍሳት ዋነኞቹ የእሳት እራቶች ናቸው። ለሌሊት በራሪ በጨለማ የሚጎላው ነጭ ቀለምና ከሩቅ የሚጣራ መዓዛ ነው። ቀን መዓዛውን ቢያባክን ተክሉ ይከስራል። ስለዚህ አበባው ነጭና ጠባብ ቱቦ ያለው ሆኖ ቀን የማይሸት ከሆነ ከመንቀላችን በፊት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ብንፈትነው ይሻላል።

እንግዲህ ሁለተኛው መመሪያ ይህ ነው፤ የምሽት አበባ ቦታው ማታ ከምንቀመጥበት መስኮት ሥር እንጂ ከደረጃው ጎን አይደለም። ጠምበለል ሐረግ ስለሆነ የሚንጠላጠልበት ሽቦ ወይም እንጨት ይፈልጋል፤ ሥሩም ስለሚበረታ ከሌሎች ጋር ሳይጋራ ለብቻው ሰፊ መትከያ ቢያገኝ ይመረጣል። የመኝታ ቤት መስኮት ላይ ግን ማሰብ ያስፈልጋል፤ ብርቱ የአበባ ሽታ ራሳቸውን የሚያማቸው ወይም አስም የሚያስነሣባቸው ሰዎች አሉና።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ከመዓዛው ጋር ሌላ ምን አለ?

በአገራችን ከተሞች በየአጥሩ ሥር ሲንጠለጠል የምናየው ትልቅ፣ የመለከት ቅርጽ ያለው፣ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫና ሮዝ አበባ አለ። ምሽት ላይ መዓዛው ከሩቅ ይጣራል፤ ከግንዱ ቁራጭ በቀላሉ ይበቅላል፤ ፍየልም አይደፍረውም። በእነዚህ መመዘኛዎች ብቻ ቢሆን ለደጃፍ የተፈጠረ ይመስላል። ይህ ተክል ብሩግማንሲያ ይባላል፤ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ በገጠሩና በከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ የሚበቅለው የአስተናግር የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱም የድንችና የቲማቲም ቤተሰብ ናቸው።

ብሩግማንሲያ ከአበባው እስከ ፍሬው አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮችን ይዟል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች አሴቲልኮሊን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ ሥራውን እንዳይሠራ ይከለክላሉ። ውጤቱም አፍ መድረቅ፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ትኩሳት፣ መቃዠትና ሰው መለየት አለመቻል ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ይገድላል። ቅጠሉን ነክቶ ዓይንን ማሸት እንኳ ብሌንን ለሰዓታት ሊያሰፋ ይችላል። ትንሽ ልጅ አበባውን እንደ ጡሩምባ አፉ ላይ ማድረጉ፣ ወይም ጨዋታ መስሎት ማኘኩ ከቶ የማይጠበቅ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ተክል ከደጃፍ መደብ ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም። ቀድሞ የተተከለ ካለ ጓንት አድርጎ ነቅሎ መቅበር ይገባል፤ ማቃጠል ግን ጢሱ ስለሚጎዳ አይመከርም። ልጅ እንደበላው ከተጠረጠረም ለማስመለስ መሞከር ሳያስፈልግ፣ የተክሉን ቅርንጫፍ ይዞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

በየቤቱ የምናምነው ጤና አዳምም ቢሆን ጠባዩን ማወቅ ይጠይቃል። በጭማቂው ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውሁዶች አሉ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ቆዳው ፀሐይ ሲያገኝ፣ እነዚህ ውሁዶች አልትራቫዮሌት ጨረርን ተቀብለው የቆዳን ሕዋሳት ይጎዳሉ። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ እንደ እሳት ቃጠሎ ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲድንም ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። የአልትራቫዮሌት ጨረር ኃይል ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና ይህ ጉዳይ ለእኛ ከቆላው ሰው ይልቅ ይመለከተናል። መፍትሔው ጤና አዳምን መተው አይደለም። ተክሉን ልጆች እየተጋፉ ከሚያልፉበት ጠርዝ ወደ መደቡ ውስጠኛ ጥግ ማዛወር፣ መግረዝም ሲያስፈልግ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ መግረዝና እጅን በሳሙና መታጠብ ነው። ለቡና የሚሆን አንድ ቅርንጫፍ እንደ ወትሮው ይቆረጣል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን እንደ መድኃኒት አብዝታ ልትወስደው አይገባም።

ደጃፉስ ምን ይላል?

ዕፅዋቱን ከመረጥን በኋላ ደጃፉን ማንበብ ይቀረናል። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ቀትር ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አትሆንም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ ወደ ደቡብ የዞረ ደጃፍ ሰማዩ ጥርት በሚልባቸው የበጋ ወራት ሙሉ ፀሐይ ያገኛል፤ ለጦስኝ፣ ለጥብስ ቅጠል፣ ለአሪቲና ለጤና አዳም የተመቸ ነው። ወደ ሰሜን የዞረ ደጃፍ በበጋ ቀትር በቤቱ ጥላ ሥር ይውላል፤ ይህ ውኃና ጥላ ለሚወድደው ለናና ይስማማል።

ክረምቱ ሌላ ፈተና ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ የሚወርደው ውኃ ከሥሩ ያገኘውን አፈር ሁሉ ይጠርጋል፤ የመደቡ ቦታ ከጣሪያው ጠብታ መስመር ወዲህ ወይም ወዲያ መሆን አለበት። የጭቃ ግድግዳ ባለበት ቤት መደቡን ከግድግዳው ጋር ማጣበቅ ስሕተት ነው፤ እርጥበቱ በጭቃው ውስጥ እየተሳበ ወጥቶ ግድግዳውን ያበሰብሳልና ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍተት ይተው። ከታች ቀዳዳ የሌለው ባልዲም ክረምት ላይ ኩሬ ይሆናል፤ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ከድርቅ ይልቅ የሚሞቱት በእንዲህ ያለ ውኃ ሥራቸው ታፍኖ ነው። ዋልካ አፈር ለብቻው አይመከርም፤ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋና አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ መቀላቀል ይበጃል።

በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የሚተክል ደግሞ ክብደትን ያስላ። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱና ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 90 ሊትር አፈር ይይዛል። ውኃ የጠገበ አፈር በሊትር ከአንድ ኪሎ ተኩል የማያንስ በመሆኑ ሣጥኑ ከ135 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ይህም ሁለት ጎልማሳ ሰዎች ሌት ተቀን በረንዳው ላይ ቆመው እንደማለት ነው። ከአንድ ትልቅ ሣጥን ይልቅ ክብደቱን የሚያከፋፍሉ ትናንሽ ጣሳዎች ይሻላሉ።

ጦስኝን ከወዴት እናምጣው?

ጦስኝ በሻይና በሽሮ የምናውቀው የደጋ ተክል ነው። ከዝርያዎቹ አንዱ ታይመስ ሺምፐሪ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ በትግራይና በሰሜን ተራሮች ዕፅዋትን ሲሰበስብ ከኖረው ከጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ከቪልሄልም ሺምፐር ነው። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1878 እዚሁ አገራችን ውስጥ አርፏል።

ጦስኝን ለደጃፍ ማምጣት የፈለገ ሰው ቀላሉ መንገድ ከተራራው ከነሥሩ ነቅሎ ማምጣት ይመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ መሬት ለመሬት የሚሳበው ይህ ተክል ተዳፋት ላይ አፈርን አጥብቆ የሚይዝ ነው፤ ሲነቀል ተክሉ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው አፈርም በክረምቱ ጎርፍ ይሄዳል። ተነቅሎ የመጣውም ሥሩ ስለተጎዳ ብዙ ጊዜ አይጸድቅም። የተሻለው ዘዴ ቀደም ሲል ከተከለ ሰው አበባ ያላወጣ፣ ጣት የሚያህል የግንድ ቁራጭ ወስዶ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አራግፎ፣ አሸዋ በበዛበት እርጥብ አፈር ውስጥ በጥላ ሥር መትከል ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥር ይሰድዳል። የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳምና ናናም በቁራጭ ይራባሉ፤ በሶብላ ግን በዘር ነው። ከአንድ ደጃፍ ቁራጭ በቁራጭ ለሰፈሩ ሁሉ ማዳረስ ይቻላል፤ ተራራውም የራሱን ይዞ ይቀራል።

እስቲ ራሳችን እንሞክረው

ለጀማሪ አንድ ቅንብር እንጠቁም። ወደ ደቡብ በዞረ ደጃፍ፣ ከደረጃው ጎን ጠርዝ ላይ በሶብላና ጦስኝ፤ ከኋላቸው የጥብስ ቅጠልና አሪቲ፤ በውስጠኛው ጥግ ጤና አዳም፤ ጥላ ባለበት በኩል በተለየ ጣሳ ናና፤ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ደግሞ ለብቻው ጠምበለል። ናናን ለብቻው የምናደርገው ከመሬት በታች በሚሰድደው ግንድ ጎረቤቶቹን ስለሚወርር ነው።

ከዚያም ደብተር ይዘን እንመዝግብ። ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓትና ምሽት 1 ሰዓት ላይ ለእያንዳንዱ ተክል መጀመሪያ ሳንነካው፣ ቀጥሎ ቅጠሉን ዳሰስ አድርገን፣ ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንስጥ። አንዱ ዓይኑን ተሸፍኖ ሲያሸት ሌላው ይጻፍ፤ ዓይን አፍንጫን ያታልላልና። የቅጠልና የአበባ መዓዛ ሰዓታቸው የተለያየ መሆኑን ከዚህ ጽሑፍ ይልቅ ያ ደብተር በተሻለ ያስረዳናል።

በየደጃፉ ጤና አዳምና በሶብላ የሚተክሉት እናቶቻችን ተርፒንና ፉራኖኩማሪን የሚሉ ቃላትን ባያውቁም የትኛው ተክል በእጅ እንደሚታሽ፣ የትኛው ከልጅ እንደሚርቅ ከልምድ ያውቁ ነበር። አዲሶቹ ተክሎች ግን ይህ ልምድ ሳይከተላቸው በአበባቸው ውበት ብቻ ወደ ደጃፋችን ገብተዋል። ጉድለቱን መሙላት ሳይንስ የተማረው ትውልድ ድርሻ ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችን ስንመለስ በደጃፋችን የሚሸተውን አበባ ስሙን እንጠይቅ፤ የመለከት ቅርጽ ካለው ደግሞ ነገ ሳንል ቦታውን ለበሶብላ እንልቀቅ።